ከብስክሌት ሱቁ ጀርባ ያለው አውሮፕላን

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ከነገ ጀምሮ» እያልሽ ነው? ባልሽስ ደህና ነው? እናንተ ጋ ወይኑ ሊያብብ እንደደረሰ ነግረሽኝ ነበር። እዚህ እኛ ጋ ያው ነፋስ ነው፤ ከባሕር ተነሥቶ ሜዳውን ያቋርጥና ልብስ እንኳ ገመድ ላይ አያሳድርም። እኔ ጤንነቴ ደህና ነው። ልቤም ሳምባዬም ዓይኔም እንከን እንደሌላቸው የበረራ ሐኪሙ ሰሞኑን ፈርሞልኛል።

እንግዲህ ባለፈው ስትደውዪ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ብለሽኝ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ጉንፋን አልያዘኝም። አፍሬ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰርብኛል፤ ፊት ለፊት ደግሞ ጭራሽ አልሞክረውም። ስለዚህ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። ነገሩ ስለ አባዬ ነው። ስሙን ስታዪ ወረቀቱን አጣጥፈሽ እንዳታስቀምጪብኝ፤ አደራሽን፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አንቺ ከከተማችን ከሌር ስትሄጂ ከብስክሌት ሱቁ ጀርባ የነበረው ነገር ገና የኮምፔንሳቶ ክምር ነበር። አሁን ብታዪው አታውቂውም። የአብራሪዎች ክፍል ሆኗል፣ ጣሪያው ድረስ በማብሪያ ማጥፊያ የተሞላ። ሁለቱን ወንበሮች ከተጣለ ኦፔል መኪና ፈትቶ አመጣቸው። የሞተሩን ጉልበት የሚጨምሩትንና የሚቀንሱትን ዘንጎች ከብስክሌት ፍሬን እጀታ ሠራቸው። ፊት ለፊት ትልልቅ ስክሪኖች ገጥሟል፤ ኮምፒውተሮቹን ሲያስነሣቸው ሰማዩ፣ ደመናው፣ የብሬመን አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ይታይባቸዋል። የመግቢያው በር የድሮው ቁም ሳጥናችን በር ነው። ያንቺ መስታወት ከውስጥ በኩል እስካሁን አልተነሣም።

ማታ ማታ ሱቁን ይዘጋና ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል። ትከሻው ላይ አራቱን ወርቃማ መስመሮች ራሱ ነው የሰፋቸው። ቆቡን ያደርግና ይቀመጣል። ከዚያ ማይክሮፎኑን አንሥቶ «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ካፒቴናችሁ ነኝ» ይላል፣ ማንም በሌለበት። የሰፈሩ ልጆች ብስክሌቱን እየነዳ ሲያልፍ «ካፒቴን! መቼ ነው የምንነሣው?» እያሉ ይጮሁበታል። እሱም ዞር ሳይል «ቀበቶ እሰሩ!» ይላቸዋል። ተቆጥቶ አያውቅም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ አብሬው ከመታየት መንገድ አቋርጬ በወዲያኛው ጠርዝ እሄድ ነበር። ይህን ላንቺ እንኳ ነግሬሽ አላውቅም።

ለምን እውነተኛ አብራሪ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ቀይና አረንጓዴ ለሱ ዓይን አንድ ናቸው። በወጣትነቱ ከበረራ ትምህርት ቤት ደጃፍ የመለሰው ይኸው ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሽቦ ሲያገናኝ አጠገቡ ወለሉ ላይ እቀመጥና «ይሄ ቀይ፣ ይሄ አረንጓዴ» እለው ነበር። ዛሬ አብራሪ ልሆን እየተማርኩ ያለሁት ከዚያ ወለል ላይ ተነሥቼ ነው፤ ከሌላ ከየትም አይደለም።

እዚህ ብሬመን ትምህርት ቤት ግን ይህን ማንም አያውቅም። በአንቺ የቤተሰብ ስም ስለምጠራ ከሱ ጋር የሚያገናኘኝ የለም። «አባትሽስ?» ሲሉኝ «ሩቅ ነው» እላለሁ። ከብሬመን ሌር ሩቅ አይደለም፣ እማዬ፤ በባቡር አንድ መጽሔት አንብበሽ አትጨርሺም።

አብሮኝ የሚማር ኮንስታንቲን የሚባል ልጅ አለ። አባቱም አያቱም ካፒቴኖች ናቸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ሰው ሲስቅለት ማቆም አያውቅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ኑ እዩ! ኑ ይህን ሽማግሌ እዩልኝ!» አለ። አባዬ ነበር። ቆቡን አድርጎ፣ ፍሬን እጀታውን እየገፋ፣ በዚያ በሌሮች አነጋገሩ ለመንገደኞቹ ስለ አየሩ ሁኔታ ያስረዳል። ራሱ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ነው። ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ፈገግ አላልኩም፣ እማዬ፣ ሳቅሁ። ድምፄን ከሁሉም በላይ ሰማሁት።

ኮንስታንቲን በዚያው «እንሂድና እንጎብኘው» አለ። ማሪኬ የምትባል ጓደኛችን መኪና አላት። እዚያው እንደተቀመጥን ለአባዬ መልእክት ጻፈለት፤ የበረራ ተማሪዎች መሆናችንን፣ የሦስታችንንም ስም ዘርዝሮ። አባዬ ወዲያው መለሰ፦ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በደስታ እጠብቃችኋለሁ። ሻይ ይኖራል።»

ስለዚህ እንደምመጣ ያውቅ ነበር። እኔም ማወቁን አውቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ በጮኸ ቁጥር «እሱ ነው» እያልኩ ደነገጥኩ። አልደወለም። አሁን ሳስበው እሱም እዚያ ሱቁ ውስጥ የኔን ስልክ ሲጠብቅ ነው የሰነበተው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለጓደኞቼም ለሱም አንድ ቃል። ቅዳሜ ሲደርስ ከመኪናው የኋላ ወንበር ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ።

ገና ሳናንኳኳ በሩን ከፈተው። ነጩን ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል። «ሞይን፣ ሞይን! እንኳን ደህና መጣችሁ!» ብሎ በሌሮች ሰላምታ ኮንስታንቲንን ጨበጠው፣ ማሪኬን ጨበጣት፣ ከዚያ ወደኔ ዞረ። እጄን ያዘው። እጁ ያው የሰንሰለት ዘይት የማይለቀው እጁ ነው።

«እርስዎንስ ማን ልበል፣ የኔ እመቤት?» አለኝ።

እማዬ፣ አባቴ እርስዎ አለኝ።

«ፌና» አልኩት።

«ፌና» አለ ቀስ ብሎ። «ጥሩ ስም ነው።» የናቱን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ከዚያ እጄን ለቀቀውና «ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ፣ ነፋሱ ሻዩን ያቀዘቅዝብናል» ብሎ መራን።

በሱቁ ውስጥ ስናልፍ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከመቀበያው ጠረጴዛ በላይ፣ የትምህርት ቤቱን ጃኬት በለበስኩበት ቀን የተነሣሁት ትልቁ ፎቶ ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይታያል፤ ወደ ሱቁ ለሚገባ ደንበኛ ሁሉ ያሳየዋል። አልነበረም። ሚስማሩ ላይ የብስክሌት ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። አየሁትና ትንፋሼ ተመለሰልኝ። ይሄው፣ ይህንንም ነገርኩሽ። ፎቶዬን ባጣሁት ጊዜ የመጣብኝ ስሜት እፎይታ ነበር።

ሻዩን በትንንሾቹ ስኒዎች አቀረበልን። የስኳር አንኳሩን ሲጥል የኔ ስኒ ውስጥ ሳይጠይቀኝ ሁለት ጣለበት፤ እንደምወደው። ሻዩ ሲፈስበት ስኳሩ ተሰነጠቀና ጠጭ አለ። ማሪኬ ቀና ብላ አየችው። እሱም ገባውና ቸኩሎ ለሁላችንም ሁለት ሁለት ጣለ። «በዚህ አገር እንግዳን በአንድ አናስተናግድም» አለ እየሳቀ። ሻዩ ላይ የሚጨመረውን ክሬም ሲቀዳ ሳህኑ ላይ ፈሰሰበት።

ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ገባን። ኮንስታንቲን የካፒቴኑን ወንበር ያዘ፣ አባዬ በስተቀኙ ተቀመጠ፣ እኔና ማሪኬ ከኋላ ቆምን። አባዬ ደስ ብሎታል፤ ያ ደስታ የሱ ነው፣ ማንም ሊቀማው አይችልም። ይህ የነዳጅ ነው፣ ያ የመብራት ነው እያለ አንዳንዱን ይሳሳታል፣ ኮንስታንቲንም «ኧረ ካፒቴን፣ በዚህ ብንሄድ እኮ ሞተሩን አጠፋነው» እያለ ያርመዋል። «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይላል አባዬ፣ ጣቱን እያነሣ። ማይክሮፎኑን ይዞ ለመንገደኞቹ ሲናገር ኮንስታንቲን ወደኛ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠቀሰ። እኔም መለስኩለት። ጠቀስኩለት፣ እማዬ።

ልናርፍ ስንቃረብ አባዬ «ጎማ ይውረድ» አለ፤ ኮንስታንቲን ዘንጉን ወደታች ሳበው። ይህን አታውቂው ይሆናል። ጎማዎቹ በትክክል ወርደው ሲቆለፉ ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ። ሦስት አረንጓዴ ካላየሽ አታርፊም። በማንኛውም አውሮፕላን እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ከሚያስተምሩን ነገር አንዱ ነው።

መብራቶቹ በሩ። ቀይ ናቸው፣ ሦስቱም።

ኮንስታንቲን መሪውን ለቆ በሳቅ ወደኋላ ተዘረጋ። «ካፒቴን! በሆዳችን ልናርፍ ነው እኮ! ሦስት ቀይ! ለመንገደኞችዎ ጸሎት እንዲጀምሩ ይንገሯቸው!»

አባዬ ወደ መብራቶቹ ጠጋ አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። የድሮዎቹ ተቃጥለው በቅርቡ የቀየራቸው ናቸው። «አረንጓዴ አይደሉም እንዴ?» አለ። ይህን ሲል ወደ ኮንስታንቲን አልነበረም የዞረው። ወደኋላ፣ ወደኔ ነው የዞረው። ሆን ብሎ አይመስለኝም። ቀለም ሲጠፋበት አንገቱ ድሮ ወደለመደበት ዞረ እንጂ።

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ፊቱ በክንዴ ርቀት ነበር።

«ቀይ ናቸው፣ ጌታዬ» አልኩት። ጌታዬ።

«አሃ» አለ። ፊቱን መለሰ። «እንግዲያው ቀይ ናቸው።»

«ቆይ፣ ቀለም አይለዩም?» አለ ኮንስታንቲን፣ አሁን ከምሩ ገርሞት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ሽቦ እንዴት አገናኙት?»

«ልጅ ነበረችኝ» አለ አባዬ። «እሷ ትነግረኝ ነበር።»

ማሪኬ በለሰለሰ ድምፅ «አሁንስ የት ናት?» አለችው።

እኔ ጫማዬን ነበር የማየው። አባዬ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ በዚያ በማይክሮፎኑ ድምፁ፣ «ትበራለች» አለ።

በመኪና ስንመለስ ኮንስታንቲን «ልጁ ሞታለች ማለት ነው» አለ። «ሲናገር አልሰማችሁትም? ነበረችኝ ነው ያለው። ትበራለች ማለት… መልአክ ሆናለች ማለቱ ነው። ምስኪን ሽማግሌ። እኔ ደግሞ ሳሾፍበት።» እውነትም አዝኖ ነበር። ቤቱ አውርደነው ሁለታችን ስንቀር ማሪኬ ሞተሩን ሳታጠፋ «ስኳሩን አይቼዋለሁ» አለችኝ። ወርጄ በሩን ስዘጋ ደህና እደሪ እንኳ አላለችኝም፤ አልፈርድባትም።

በማግሥቱ በጠዋቱ ባቡር ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። ሱቁ እሑድ ዝግ ነው፤ በጓሮ በኩል ገባሁ። የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ይፈልጋል።

«መጣሽ እንዴ ልጄ?» አለኝ። አንቺ ብሎ።

«አባዬ፣ ትናንት…» አልኩ።

«ትናንት እንግዶች ነበሩኝ» አለ ቀና ሳይል። «የበረራ ተማሪዎች። ደስ የሚሉ ልጆች። አንዱ ትንሽ ይቀልዳል፤ ግን ያውቃል፣ ብዙ አረመኝ። አንዲት ዝምተኛ ልጅም ነበረች።»

«አባዬ፣ እባክህ…»

«ሻይዋን አልጨረሰችም» አለ። «ያመማት መሰለኝ። እነዚህን ትምህርት ቤት በደንብ አያበሏቸውም መሰል። ቁርስ በላሽ?»

ይቅርታ ልጠይቀው ሦስቴም አራቴም ሞከርኩ። በየመንገዱ ገብቶ ዘጋብኝ። አንዱን ቀዳዳ ሲለጥፍ፣ አንዱን ዳቦ ሲቆርስ፣ ያቺን ልጅ ከኔ ጋር እንዳላያይዛት አደረገኝ። ትናንት የመጣችው ሌላ ናት፤ ዛሬ የመጣሁት እኔ ነኝ። ምሕረቱ ይሁን ቅጣቱ እስካሁን አልለየሁትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ደግሞ በደስታ እሰማው ነበር።

በመጨረሻ የአምፖል ካርቶኑን አምጥቶ ፊቴ ዘረገፈው። «የሸጠልኝ ሰው ደባልቆብኛል» አለ። ቁጭ ብዬ መለየት ጀመርኩ፣ ቀዩን ወዲህ፣ አረንጓዴውን ወዲያ። ሁሉም በእንባ ተደበላለቁብኝ። «ቀለማቸውን ንገሪኝ እንጂ አታርጥቢያቸው» አለኝ፤ «ኤሌክትሪክ ናቸው።» ሳቅንም አለቀስንም አብረን። ስወጣ ግን ግድግዳው ላይ አሁንም ሰንሰለቱ ነበር። ፎቶዬን መልሰህ ስቀለው ልለው አፌ አልታዘዘልኝም። በምን ፊቴ?

ሰኞ ምሳ ላይ ነገሩን ያነሣው ኮንስታንቲን አልነበረም፤ ሌላ ልጅ ነው። «ያ ካፒቴን እንዴት ነበር?» ብሎ የአባዬን አነጋገር ማስመሰል ጀመረ። «አባቴ ነው» አልኩ። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸውና ሳቁ። «እውነቴን ነው። አባቴ ነው። ቅዳሜም አባቴ ነበር» አልኩ። ኮንስታንቲን ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያም ተነሥቶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሌሎቹም «ጎበዝ፣ ደፋር ነሽ» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። አየሽው? አባቴን ክጄ ስመለስ እንኳ ሙገሳውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማሪኬ ግን ዳቦዋን ገምሳ ሰጠችኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን ላንቺ እንደምጽፍ ትጠይቂ ይሆናል። እናቴ ስለሆንሽ ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ለፋሲካ እናንተ ጋ በመጣሁ ጊዜ፣ ምሳ ላይ፣ የባልሽ እናት እጄን ይዘው «አባት ሳይኖር ማደግ ከባድ ነው፣ ልጄ። ነፍሱን በገነት ያኑራት» ያሉኝ ትዝ ይልሻል? እኔ አንቺን አየሁሽ። አንቺ ወይን ትቀጂ ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ ቀዳሽ። እኔም «አሜን» አልኳቸው። ምን ብለሽ እንደነገርሻቸው አልጠይቅሽም። ለምን እንደሆነም ይገባኛል፤ ከማንም በላይ አሁን ይገባኛል። ልወቅስሽ አይደለም። ከኔ ሌላ ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው የጻፍኩልሽ። እንዴት እንደሚቀል ታውቂያለሽ። አፍን መዝጋት ብቻ ነው።

ምረቃችን በመስከረም ነው። ሁለት ሰው መጋበዝ ተፈቅዶልኛል። ወንበሮቹ ጎን ለጎን ናቸው። አንደኛው የአባዬ ነው። ትናንት ደውዬ ነገርኩት። መጀመሪያ «ሱቁን ማን ይከፍትልኛል?» አለ፣ ከዚያ «ዝናብ ቢዘንብስ?» አለ፣ ከዚያ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩት።

«አለሁ» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እዚያ ሰዎች ማን ነህ ቢሉኝ፣ ምን ልበላቸው?»

ወቀሳ አልነበረበትም፣ እማዬ። ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ በምመርጥለት ይሄዳል። ይህን የሚያህል ጥያቄ አባቴ እንዲጠይቀኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መልሴን ነግሬዋለሁ። አንቺም ያን ቀን ከጎኑ ስትቀመጪ ሲናገረው ትሰሚዋለሽ፤ ባልሽንም እናቱንም ይዘሽ ብትመጪ ለሁሉም ቦታ እፈልጋለሁ።

ጉልበትሽን ጤና ይስጥልሽ፤ ደረጃ ላይ አትቸኩዪ። ወይናችሁ ያብብ፣ በረዶ አይንካው። ቤታችሁ ሰላም ይሁን። የምትመልሺልኝን ለመስማት እፈራለሁ፤ ቢሆንም መልሺልኝ።

እወድሻለሁ።

የሁለታችሁም ልጅ